ሁለቱ እንግዶች በኦሞ ዳር

የአገራችን ሰው እንግዳን በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላል። ይህ አባባል ስለ እንግዳ መሰልቸት ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ እንግዳን በትክክል ለመመዘን ጊዜ እንደሚያስፈልግም ይናገራል። በመጀመሪያው ቀን የምናየው ልብሱንና የያዘውን ስጦታ ነው፤ ጠባዩን የምናውቀው ሲሰነብት ነው።

ስለ ቻይናና ስለ አሜሪካ በየቡና ቤቱና በየቢሮው የምንሰማው ንጽጽር አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ንጽጽር ነው። አሜሪካ ነጻነት፣ ቻይና ሥርዓት፤ አሜሪካ ንግግር፣ ቻይና ሥራ፤ አሜሪካ ግለሰብ፣ ቻይና ማኅበር ይባላል። እውነት የሌለበት አይደለም፤ ነገር ግን ከሩቅ የተቀዳ ነው። እኔ በምኖርባት በጂንካ ዙሪያ፣ በኦሞ ሸለቆ፣ ሁለቱም አገሮች ሰንብተዋል። አንዱ አጥንት ፈልጓል፤ ሌላው አገዳ ተክሏል። አንዱ ሸራ ዘርግቷል፤ ሌላው ተርባይን አቁሟል። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን ታላላቅ አገሮች በዋሽንግተንና በቤጂንግ ሳይሆን በኦሞ ዳር ላነጻጽራቸው ወደድሁ።

ቀድሞ የመጣው አሜሪካዊው ነው። በ1887 ዓ.ም. የፊላደልፊያው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ከበርበራ ተነሥቶ፣ የሱማሌንና የቦረናን ምድር አቋርጦ፣ ዛሬ ቱርካና ከምንለው ከሩዶልፍ ሐይቅ ደረሰ። ማንም መንግሥት አልላከውም፤ ጉዞውን ያደራጀው በግሉ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ከኢትዮጵያ ጋር የመጀመሪያውን ውል የተዋዋለው ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር በተፈራረመ ጊዜ፣ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ነው። ግለሰቡ ከመንግሥቱ ቀደመ ማለት ነው። ይህ ቅደም ተከተል የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ በኋላ የመጡት አሜሪካውያንም ወደ ኦሞ የገቡት በዚሁ በር ነው።

በ1959 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የኦሞ የምርምር ጉዞ ሲጀመር፣ ከፈረንሳዮቹና ከሪቻርድ ሊኪ የኬንያ ቡድን ጎን የአሜሪካውያኑን ቡድን ይመራ የነበረው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ክላርክ ሃዌል ነበር። በዚያው ዓመት የሊኪ ቡድን በኪቢሽ የሰው ቅሪቶችን አገኘ። ዕድሜያቸው ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. 195 ሺህ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ደግሞ ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ተብሎ ተቆጠረ። ዩኔስኮም የታችኛውን ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የዓለም ሊቃውንት ስለ ኦሞ ሲናገሩ «የሰው ልጅ መነሻ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሊቃውንቱ በስተደቡብ፣ በኦሞራቴ፣ በዳሰነች ምድር፣ የአሜሪካ ፕሬስባይቴሪያን ሚሲዮን ጣቢያ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሚሲዮናውያኑ የኦሞን ውሃ ወደ እርሻ የሚያወጡ የነፋስ መዘውሮች ተከሉ። የሸራ ክንፍ ያላቸውና በቀርጤስ ደሴት ገበሬዎች ዘንድ የቆዩትን መዘውሮች አስመስለው በዚያው በጣቢያቸው የሠሯቸው ነበሩ። ሸራው ሲቀደድ ይሰፋል፤ እንጨቱ ሲሰበር ይተካል። ሥራው በ1975 እ.ኤ.አ. በለንደን ተጽፎ ታትሞ፣ ለሌሎች ደሀ አገሮች ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ነበር። አብዮቱ መጣና የሚሲዮኑ ዘመን አበቃ።

ሐኪሙን፣ ፕሮፌሰሩንና ሚሲዮናዊውን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ምንድን ነው? ሦስቱንም የላካቸው መንግሥት አይደለም። አንዱን ኪሱ፣ ሁለተኛውን ዩኒቨርሲቲው፣ ሦስተኛውን ቤተ ክርስቲያኑ ላኩት። የአሜሪካ ኅብረተሰብ ጠባይ ይህ ነው፤ ማኅበሩ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱም በራሱ ምክንያት ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው የሰውየውን መልክ ይይዛል፤ ሰውየው ሲሄድም ሥራው አብሮት ይሄዳል።

ወደ ሁለተኛው እንግዳ ስንሻገር ከኦሞ ጥቂት መራቅ ግድ ይለናል፤ የቻይና መንገድ ወደ እኛ ሸለቆ የደረሰው በአስመራና በቤጂንግ በኩል ነውና።

በጥር 1956 ዓ.ም. የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኢንላይ አፍሪካን ሲጎበኙ ወደ ኢትዮጵያም መጡ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግን የተቀበሏቸው በአዲስ አበባ ሳይሆን በአስመራ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ምክንያቱ የአሜሪካን ቅሬታ ላለመቀስቀስ ነበር ይላሉ። አስገራሚው ነገር፣ አስመራ ራሷ አሜሪካውያን ቃኘው የተባለውን ታላቅ የመገናኛና የማዳመጫ ጣቢያቸውን የተከሉባት ከተማ መሆኗ ነው። ሁለቱ እንግዶች በአንድ ከተማ፣ በአንድ አስተናጋጅ ቤት፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

በዚያው የአፍሪካ ጉዟቸው ቹ ኢንላይ አገራቸው ለሌሎች የምትሰጠውን ርዳታ የምትመራባቸውን ስምንት መርሆች ይፋ አደረጉ። ከእነዚህ ውስጥ የተቀባዩን አገር ሉዓላዊነት ማክበርና ቅድመ ሁኔታ አለማስቀመጥ በሰፊው ይታወቃሉ። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠውን የሚናገረው የመጨረሻው መርህ ነው፤ የቻይና ባለሙያ በተላከበት አገር ካለው ባለሙያ የተለየ ኑሮ አይኖርም ይላል። አሜሪካዊው እንግዳ «እኔ ማን እንደሆንሁ እዩ» ብሎ ሲመጣ፣ ቻይናዊው «እኔን አትዩ፣ ሥራውን እዩ» እያለ መጣ።

ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት መሠረቱ። በ1964 ዓ.ም. መባቻ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተገናኙ። የዚያ ስምምነት ፍሬ የወረታ–ወልዲያ መንገድ ነው። የተፈራረሙት ንጉሡ ነበሩ፤ መንገዱን ያስፈጸመው ግን ደርግ ነው። ቻይናውያኑም ያንን ተራራማ አገር እየፈነቀሉ መንገዱን ጨረሱ። የአስተናጋጁ ሥርዓት በደም ሲለወጥ የእንግዳው ሥራ አልተቋረጠም። ይህንን ልብ እንበል፤ በኋላ በኦሞም እናገኘዋለንና።

እዚህ ላይ የታሪክን አንድ ቀልድ መጥቀስ ይገባል። ዛሬ ቻይና ትሠራለች፣ አሜሪካ ታስተምራለች እንላለን። በአባቶቻችን ዘመን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም አደራጆቹ አሜሪካውያን መሐንዲሶች ነበሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ነው፤ በጂንካ መካከል በነበረው የሣር ሜዳ ላይ ያርፍ የነበረው ዳኮታም አሜሪካ ሠራሽ ነበር። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅን ያቋቋመው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። የዓባይን ተፋሰስ ለዓመታት አጥንተው፣ ግድብ የሚሠራባቸውን ቦታዎች ለይተው፣ በ1956 ዓ.ም. ያስረከቡን የአሜሪካ መሐንዲሶች ናቸው። የቻይና ዕቃ ደግሞ በዚያ ዘመን ሐሳብ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ወደ 280 የሚጠጉ «ፒስ ኮር» የሚባሉ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች በየትምህርት ቤታችን ተሠማሩ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የኢትዮጵያ ተማሪ ከአሜሪካዊ መምህሩ በተማረው እንግሊዝኛ የማኦን ጽሑፍ ያነብ ጀመር።

እንግዲህ «ይህ የአሜሪካ ባሕርይ ነው፣ ይህ የቻይና ባሕርይ ነው» ብለን የምንቆርጠው ብዙው ነገር የዘመን ባሕርይ ሆኖ ይገኛል። አገር እንደ ሰው ነው፤ በጎልማሳነቱ ይሠራል፣ ሲደላደል ይመክራል።

አሁን ወደ ኦሞ እንመለስ። ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. አሥራ ሦስተኛው የአርብቶ አደሮች ቀን በጂንካ ሲከበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በታችኛው ኦሞ ከ150 ሺህ ሄክታር በላይ በመስኖ የሚለማ የሸንኮራ እርሻ እንደሚቋቋም አስታወቁ። ተቺዎችንም ነቀፉ፤ አርብቶ አደሩ የቱሪስት ማያ ሆኖ ለዘላለም እንዲኖር የሚፈልጉ አሉ አሉ። ከሸለቆው በላይ ደግሞ ግልገል ጊቤ ሦስት ይገነባ ነበር። ግድቡን የገነባው የጣሊያኑ ሳሊኒ ነው፤ አሥሩን ተርባይኖች ያቀረበው ግን የቻይናው ዶንግፋንግ ሲሆን፣ ገንዘቡን ያበደረው የቻይና ኢንዱስትሪና ንግድ ባንክ ነው። 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በሳላማጎ በኩል ሁለተኛውና ሦስተኛው የኩራዝ ስኳር ፋብሪካዎች ሲተከሉ ሠሪው የቻይናው ኮምፕላንት፣ አበዳሪው የቻይና ልማት ባንክ ነበር።

አበዳሪው የመንግሥት፣ ተቋራጩ የመንግሥት፣ ማሽን አቅራቢውም የመንግሥት። እንግዳው አንድ ነው፤ እጁ ግን ብዙ ነው። አሜሪካ ወደ ኦሞ የመጣችው በሐኪም፣ በፕሮፌሰርና በሚሲዮናዊ፣ ማለትም በብዙ ሰዎች ነበር፤ ቻይና የመጣችው በአንድ ውል ነው። የሁለቱን መንግሥታት አሠራር ለማወቅ ሕገ መንግሥታቸውን ከማንበብ ይልቅ ይህንን ማየት ይበልጥ ያስተምራል።

የአሜሪካ መንግሥት ራሱስ በኦሞ ጉዳይ ምን አደረገ? በጥር 2004 ዓ.ም. የአሜሪካና የብሪታንያ የርዳታ መሥሪያ ቤቶች ባልደረቦች ወደ ሙርሲና ወደ ቦዲ ምድር ሄደው ሰዎቹ የሚሉትን ሰሙ። በጥር 2006 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ባጸደቀው የዓመቱ የወጪ ሕግ ውስጥ፣ የአሜሪካ ገንዘብ በታችኛው ኦሞና በጋምቤላ ሰዎችን በግድ ለሚያፈናቅል ሥራ እንዳይውል የሚከለክል አንቀጽ ገባ። እስኪ አስቡት፤ ከዋሽንግተን በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የራቀ፣ ብዙው አሜሪካዊ ስሙን ያልሰማው ሸለቆ፣ በዚያ አገር ሕግ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ተጻፈ። ይህ የሆነው በዚያ አገር የመንግሥቱን ቦርሳ የሚይዘው ሸንጎው ስለሆነ፣ የሸንጎው አባል ደግሞ የተሟጋቾችን ደብዳቤ ለማንበብ ስለሚገደድ ነው። በቻይና እንዲህ ያለ አንቀጽ አይጻፍም፤ የሚጽፈው ሸንጎ፣ የሚገፋውም ተሟጋች የለምና። «በሌላው አገር የውስጥ ጉዳይ አንገባም» የሚለው የቻይና መርህ ለመንግሥታት ትልቅ ክብር ነው፤ በመንግሥቱና በዜጋው መካከል ላለ ክርክር ግን ጆሮ የለውም።

እኔ በባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝና ነገሩን በሙያዬ ቋንቋ ልግለጸው። ስጦታ ሰጪ «እንዴት ትኖራለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አበዳሪ «መቼ ትከፍላለህ?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ያሳፍራል፤ ሁለተኛው ያስጨንቃል። ስጦታ በአንድ ፊርማ ይመጣል፣ በአንድ ፊርማም ይቆማል። ብድር ግን በአንድ ፊርማ ይመጣል እንጂ በአንድ ፊርማ አይቆምም። ሁለቱንም በዘመናችን አይተናል። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በገቡበት ዕለት የውጭ ርዳታ እንዲቆም አዘዙ፤ ከስድሳ ዓመት በላይ የኖረው የርዳታ ድርጅታቸው ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ሥራውን አቆመ። «ሰው በግድ አይፈናቀል» የሚለው አንቀጽ የሚጠብቀው ገንዘብ ራሱ ደረቀ። ቻይናስ? በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከቤጂንግ ሲመለሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ዕዳ መክፈያ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት መራዘሙን አበሠሩ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያን ዕዳ ለማሸጋሸግ የተቀመጠውን የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ከፈረንሳይ ጋር በሊቀ መንበርነት የመራችው ቻይና ናት። አንዱ እንግዳ ተነሥቶ ሄደ፤ ሌላው መዝገቡን ይዞ ተቀምጧል። የሄደው ልበ ቢስ፣ የተቀመጠው ደግሞ ወዳጅ ነው ማለት ግን አይደለም። ስጦታና ብድር ጠባያቸው ይኸው ነው።

ከመንግሥት አሠራር ጠለቅ ብለን ወደ ባህል ብንወርድ፣ ሁለቱ አገሮች ኦሞን ያዩት በየራሳቸው ተረት እንደሆነ እንረዳለን። አሜሪካ ብሔራዊ ፓርክን ለዓለም ያስተማረች አገር ናት፤ የሎውስቶን በ1872 እ.ኤ.አ. ተከለለ። ወጣት አገር ናትና ያልተነካ ምድር ያጓጓታል፤ ሰው ያልገባበት ዱር ለእርሷ እንደ ቤተ መቅደስ ነው። ይኸው ሐሳብ ዓለምን ዞሮ እኛ ዘንድ የኦሞና የማጎ ብሔራዊ ፓርኮች ሆኖ ደረሰ። ሙርሲው ከብቱን የሚያግድበት ምድር ግን ከሁለቱ ፓርኮች ጋር ይደራረባል። ጥበቃው ዛፉንና አውሬውን ሲቆጥር ሰውየውን አልቆጠረም።

ቻይና ደግሞ የጎርፍ ትዝታ ያላት አሮጌ አገር ናት። ከጥንት ተረቶቿ ትልቁ የታላቁ ዩ ታሪክ ነው። ዩ ጎርፍን ሊገራ ሲደክም ሦስት ጊዜ በገዛ ቤቱ ደጅ አልፎ አልገባም ይባላል። ወንዝን መግራት በዚያ አገር የመንግሥት ሁሉ መጀመሪያ ነው። ነገር ግን የተረቱን ሌላ ገጽ አንርሳ። ከዩ በፊት በዚሁ ሥራ የተሾመው አባቱ ጉን ነበር፤ ውሃውን በግንብ ሊያግድ ሞከረና አልተሳካለትም። ልጁ የተሳካለት ቦይ ቆፍሮ ለውሃው መንገድ ስለ ሰጠው ነው። የቻይና ጥበብ ራሷ ውሃ ሲታገድ የሚሆነውን ታውቃለች ማለት ነው።

በኦሞ ዳር ለሚኖረው ሰው ጎርፍ ጠላት አልነበረም። በደጋው ክረምት ሲበረታ ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን ያለብሳል፤ ሲጎድል ጥቁር እርጥብ አፈር ይተዋል። ሙርሲው፣ ቦዲው፣ ክዌጉው፣ ካሮው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ ማሽላውን የሚዘራው በዚያ አፈር ላይ ነበር። ያ የቀን መቁጠሪያ ግድቡ ውሃ መያዝ ከጀመረበት ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ፈረሰ። በምትኩ ተለቅቆ የሚመጣ ጎርፍ እንደሚኖር ተነግሮ ነበር፤ የቀድሞውን ግን አልተካውም። በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኦሞና የቱርካና ሐይቅ ሞልተው የዳሰነችን መንደሮች ዋጡ። ወንዙ ሲፈለግ ቀረ፤ ሳይፈለግ መጣ።

አሜሪካዊው አጥንት ሲፈልግ ወደ ትናንት ያያል፤ ቻይናዊው ተርባይን ሲተክል ወደ ነገ ያያል። ሁለቱም የኦሞን ሰው ዛሬ አላዩትም። ይህንን ብዬ ግን ብዕሬን ባስቀምጥ በእንግዶቹ ላይ በደል እፈጽማለሁ። እንግዳ በራሱ ቁልፍ ቤት አይከፍትም። የምርምሩን ፈቃድ፣ የፓርኩን ክልል፣ የብድሩን ውልና የስኳሩን ዕቅድ የፈረሙት የእኛው ሰዎች ናቸው። በ2003 ዓ.ም. በጂንካ የተነገረው ቃል ግማሹ እውነት ነበር፤ ሰው ሙዚየም አይደለም፤ አርብቶ አደሩም ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ መብራት ይገባዋል። ነገር ግን ሙዚየም አለመሆን አንድ ነገር ነው፤ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ቱሪስቱ ሳይጠይቀው ፎቶ ቢያነሣው በደል ከሆነ፣ ዕቅድ አውጪው ሳይጠይቀው ወንዙን ቢያዞርበት ምን ይባላል?

ስለዚህ «ቻይና ትሻላለች ወይስ አሜሪካ?» የሚለው ክርክራችን አንድ ድብቅ ምቾት አለው። ስለ ሁለቱ እንግዶች ጠባይ ስንከራከር የአስተናጋጁን ጠባይ ከመመርመር እንድናለን። የአሜሪካ ሕግ ስለ ሙርሲ የጻፈውን አንቀጽ የእኛ ሸንጎ አስቀድሞ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ባዕድ ባልጻፈልን ነበር። የቻይና ባንክ ያልጠየቀውን ጥያቄ የእኛ ባንክና የእኛ ሚኒስቴር ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ዝምታው ባልጎዳን ነበር። ከአንዱ ጥያቄን፣ ከሌላው ጽናትን መማር እንችላለን፤ ከሁለቱም ግን ለገዛ ዘመዳችን ያለንን ኃላፊነት መበደር አንችልም።

ነገ ሦስተኛ እንግዳ ይመጣል፤ በሌላ ባንዲራ፣ በሌላ ስጦታ ወይም በሌላ ውል። ያን ጊዜ ወርቅ ነው ብረት ብለን ከመመዘናችን በፊት፣ በወንዙ ዳር ያለውን ባለቤት ጠርተን ከጎናችን ብናስቀምጠው ይበጃል።

አንዱ አጥንት ቆፈረ ትናንትን ፍለጋ፣
አንዱ ግንብ አቆመ ነገ እንዲነጋ፤
ዛሬን የሚኖረው በወንዙ ዳር ያለው፣
«አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ማን ጠየቀው?